የዓይናለም ባለ እንጨት ኬክ

ቤሩት
ጥቅምት 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ከወለደችኝ ቀጥሎ ለማከብርዎት ለእታለም ማሬ፤
ደብረ ታቦር።

እንደምን ከርመዋል? ክረምቱን እንዴት ተወጡት? ጉልበትዎን ጠበሉ ሻል አደረገልዎት? የሻይ ቤትዎን ደጅ ሰው አይለየው፤ የነኩት ሁሉ ይባረክልዎት። እኔ እመቤቴ ትመስገን በጤናዬ ደህና ነኝ። ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም።

ልጄ ዓይናለም እንዴት ናት? ቁመቷ የት ደረሰ? ባለፈው በስልክ ሳናግራት «አቤት» ብላ ዝም አለችኝ። ከዚያ ተቋረጠ። መስመሩ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አንድ ወሬ ላጫውትዎት። እዚህ የማሳድጋት የማዳም ልጅ ሪታ ትባላለች፤ የዓይናለም እኩያ ናት። ልደቷ ሲደርስ ማዳም መጽሔት ላይ ያየችውን ኬክ ሥሪ ብላ አዘዘችኝ። እንጨት ላይ የተሰካ፣ ሎሚ የሚያህል፣ ቸኮሌት የለበሰ ኬክ ነው። ኬኩ ተጋግሮ ሲበርድ በእጅ ይፈረፈራል፤ በቅቤና በስኳር ይለወስና ይድበለበላል። የእንጨቱን ጫፍ ቀልጦ የተዘጋጀ ቸኮሌት ያስነኩና ይሰኩበታል፤ ያን ጊዜ አይወልቅም። ከዚያ ድብልብሉን ሙሉ በሙሉ ቸኮሌቱ ውስጥ አጥልቀው ያወጡታል፤ የተረፈውን እንዲያራግፍ የእጅዎን አንጓ መታ መታ ያደርጋሉ። ሳይደርቅ ባለ ቀለም ስኳር ነስንሰው ቀጥ አድርገው ያቆሙታል።

ሪታ ባየችው ጊዜ ሮጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ልጆቹ ሁሉ አጨበጨቡልኝ። እኔ ግን የሰው ልጅ አቅፌ ቆሜ የራሴይቱን አሰብኩ። ለሪታ የሠራሁትን ለዓይናለም ሳልሠራላት አምስት ዓመት ሊሞላት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ልደቷ ይከበርልኝ። እዚህ ያለችው የባለሱቁ የጀማል ልጅ ሶፊያ ለወንድሟ ለአሚን ሠርግ ወደ አገር ትገባለች፤ ቸኮሌቱንና ባለ ቀለም ስኳሩን በእሷ ልኬያለሁ። ጥር 20 ቀን ያድርጉላት። ሲሰጧት ግን «ይህን የሠራችልሽ እናትሽ ናት» ብለው ይስጡልኝ። አደራዎን። ፎቶም ይላኩልኝ።

አክባሪዎ፣ የአጎትዎ ልጅ፣
ጥሩወርቅ


ደብረ ታቦር
ኅዳር 24 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለጥሩወርቅ፣ በያለሽበት ጽዮን ማርያም በክንፏ ትከልልሽ።

ደህና ነኝ። ጉልበቴም እንደ ዕድሜዬ ነው። ሶፊያ በደህና ገብታለች፤ ዕቃውንም ሳታጎድል አስረክባኛለች። አሁን እዚህ የጉና ብርድ መጥቶብናል፤ ጠዋት ጠዋት ሻይ የሚጠጣው ሰው ብርጭቆውን የሚይዘው እጁን ሊያሞቅበት ነው።

ልደት ስትዪ ገረመኝ። እኛ የምናውቀው ልደት የጌታን ነበር። አሁን እንኳ የአስተማሪዎቹ ልጆች ያከብራሉ፤ ፊኛ ይሰቅላሉ። እንግዲህ የዓይናለም ከማን ያንሳል፤ ይደረግላታል።

ቀኑ ግን ጥር 20 አይደለም። ጥር 25 ነው፣ የመርቆሬዎስ ዕለት። ያን ቀን ፈረሰኞቹ ሲጋልቡ የሕዝቡ እልልታ እቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ አንቺ ምጥ ይዞሽ ከየት ታውቂዋለሽ። ወገብሽን የደገፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቱንም ከአዋላጇ እጅ የተቀበልኩ እኔ ነኝ። አልሳሳትም።

የቸኮሌቱን ነገር በጥቂቱ ሞከርኩት። ኬኩ እኔን አይቸግረኝም፤ በብረት ድስት አድርጌ ከሥርም ከክዳኑም ላይ ፍም አደረግሁበት፣ ያማረ ሆኖ ወጣ። ቸኮሌቱ ነው ያስቸገረኝ። መጀመሪያ በእሳቱ ላይ ጣድኩት፣ አረረ። ሁለተኛ በፈላ ውሃ ላይ ሌላ ሳህን አስቀምጬ አቀለጥኩት፤ እሱም እንፋሎቱ ጠብ ሲልበት እንደ ጭቃ ተቋጠረ። ዓይናለም ግን ጣቷን ነክራ ላሰችና «እማዬ፣ ይሄ ጭቃ ይጣፍጣል!» አለችኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

አይዞሽ፣ የቀረው ቸኮሌት ይበቃል። እንዴት እንደሚቀልጥ ብቻ በደንብ አስረድተሽ ጻፊልኝ።

እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።
ማሬ


ቤሩት
ታኅሣሥ 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእታለም ማሬ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ በዓሉን የደስታ ያድርግልዎት።

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ሶስቴ አነበብኩት።

ቸኮሌቱ ከውሃ ጋር ጠላት ነው። ሳህኑም ማንኪያውም እጅዎም ደረቅ ይሁን። የላይኛው ሳህን ከታችኛው ድስት አፍ ሰፋ ይበል፤ ያን ጊዜ እንፋሎቱ ወደ ውስጥ አይገባም። ውሃው ሲፈላ ከእሳት ያውርዱትና በሙቀቱ ብቻ ቀስ ብሎ ይቅለጥ። ከወፈረብዎት ጥቂት ዘይት ጠብ ያድርጉበት። ድብልብሉ በደንብ ሳይበርድ አይንከሩት፤ ሙቅ ከሆነ ከእንጨቱ ይወልቃል።

ቀኑ ጥር 25 ይሁን። እርስዎ ካሉ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። «እማዬ፣ ይሄ ጭቃ ይጣፍጣል» ያለችው ማንን ነው? ለእኔ ንገሪልኝ ማለቷ ነው? ወይስ እርስዎን እንዲያ ብላ ነው የምትጠራዎት? በስልክ ባወራን ቁጥር «እማዬ» የሚል ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት ስለምታፍረኝ ይሆናል። እስቲ እርስዎ ያለማምዷት። «እማዬ ያለችው ቤሩት ነው፣ እኔ እታለም ማሬ ነኝ» ይበሏት። ልጅ ሲነግሩት ይይዛል።

ፎቶውን ሲያስነሡልኝ ልጄ ብቻዋን ትነሣ። ፊቷን በደንብ ማየት ስለምፈልግ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጥሩወርቅ


ደብረ ታቦር
የካቲት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለጥሩወርቅ፣ አምላክ በቸር ያኑርሽ።

የዓይናለም ልደት ደመቀ። ይህን ደብዳቤና ፎቶውን ይዛልሽ የምትመጣው ሶፊያ በዓይኗ አይታዋለችና የቀረውን በቃል ትነግርሻለች።

እንዳልሽው አደረግሁ፤ ቸኮሌቱ እንደ ዘይት ሆኖ ቀለጠልኝ። እንጨት ብፈልግ ስላጣሁ የወይራ መፋቂያ ገዝቼ ልጬ አቀጠንኩት። ነክሬ ነክሬ ትልቅ ዱባ ላይ ሰካኋቸው። የእኛ አገር ብርድ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ገና ሳልጨርስ የመጀመሪያዎቹ ጠጥረው እንደ መስተዋት አበሩ። ዱባው ራሱ አበባ ያወጣ መሰለ። ጀማል ፊኛ ይዞ መጣ። የጎረቤት ልጆች መጀመሪያ ፈርተው ነበር፤ አንዱ በወይራው ጥርሱን ሊፍቅ ጀምሮ ሁሉንም አሳቀን። ኋላ ግን ቸኮሌቱ ሲያልቅ እንጨቱን እንኳ የጣለ የለም፤ እየጠቡት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቶቻቸው መንገድ ላይ እያቆሙ «ማሬ፣ ያን ባለ እንጨት ኬክ ለእኛም ልጅ» ይሉኛል።

ያዘዝሽኝን ቃል አልረሳሁም። በሁሉም ፊት አንዱን ነቅዬ ሰጠኋትና «ይህን የሠራችልሽ ቤሩት ያለችው እናትሽ ናት» አልኳት። ልጅቱ ኬኩን አየች፣ ቀጥላ እጄን አየች።

«ታዲያ ያንቺ እጅ ለምን ቸኮሌት ሆነ?» አለችኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ምን ልበል? ልጅ ያየውን ነው የሚያምነው።

ስለ አጠራሯ የጠየቅሽኝን ሞክሬዋለሁ። «እታለም በይኝ» ስላት «እሺ እማዬ» ትለኛለች። አፏን ልለጉመው አልችልም።

ፎቶውን ብቻዋን አስነሺያት ብለሽ ነበር። ፎቶ አንሺው «ዝግጁ» ሲል ሮጣ መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች። ፊልሙ ደግሞ ያን ጊዜ አለቀበት። እንዲሁ ላክሁልሽ፤ ፊቷ ግን በደንብ ይታያል።

ማሬ


ቤሩት
ሚያዝያ 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ማሬ፤

ፎቶው ደረሰኝ። ፊቷ ይታያል፣ እውነትሽን ነው። ጉንጯ ያንቺ ጉንጭ ላይ ተለጥፎ፣ እጇ አንገትሽ ላይ ተጠምጥሞ ይታያል። የለበሰችው ቀሚስ እኔ የላክሁት ነው፤ አፏ ላይ ያለው ቸኮሌት እኔ የላክሁት ነው፤ የታቀፍሽው አንቺ ነሽ።

ሶፊያን አፋጥጬ ጠየቅኋት። ልትደብቀኝ ፈልጋ ነበር፤ አላስቻላትም። ልጆቹ «ማን ሠራልሽ?» ሲሏት ልጄ «እማዬ ናት» ብላ ወዳንቺ እንደጠቆመች ነገረችኝ። አንቺም ዝም ብለሽ ፈገግ እንዳልሽ ነገረችኝ። በደብዳቤሽ ይህን አልጻፍሽም። «ቤቱ በሳቅ ፈረሰ» ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። እኔ ላይ ነው የሳቃችሁት?

እኔ አባቷ ጥሎን ሲሄድ የማበላት አጥቼ ነው ከጡቴ ነጥዬ የሰጠሁሽ። ጡቴ ሳይደርቅ ነው አውሮፕላን የተሳፈርኩት። የመጀመሪያውን ወር ሌሊት ልብሴ ይርስ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እንድታሳድጊልኝ ሰጠሁሽ እንጂ እንድትወርሺኝ አልሰጠሁሽም። የራስሽ ባይኖርሽ የሰው ልጅ አይወሰድም።

ለወንድሜ ለአለሙ ስልክ ደውያለሁ። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እብናት ይወስዳታል። እዚያ አጎቷ ነው፣ አጎቷ አጎት ይባላል፤ ሚስቱ ፈንታነሽም የራሷ ልጆች ያሏት ሴት ናት፣ የሰው አትመኝም። ልብሷን አዘጋጂላት።

ጥሩወርቅ


ደብረ ታቦር
ነሐሴ 22 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ፣
ቤሩት።

ጤናዎ እንደምን ነው? ሥራዎስ? ደብዳቤዎ በደረሰኝ ጊዜ ወዲያው መልስ መስጠት ይገባኝ ነበር፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ዘገየሁ። «አንቺ» ብለው ስለጻፉልኝ እኔ ደግሞ «አንቱ» ልበልዎት ብዬ ነው። ከሁለታችን አንዷ መከበር አለባት።

ያዘዙት ሁሉ ተፈጽሟል። ልብሷን አጥቤ አጣጥፌ፣ የሚያሳክካትን ሹራብ ለይቼ፣ ጠጉሯን ሠርቼ ቆየሁ። አለሙ ሐምሌ መጀመሪያ መጣ። እኔ ታለቅሳለች፣ ቀሚሴን ይዛ አልለቅም ትላለች ብዬ ሌሊቱን ሁሉ እንዴት እንደማባብላት ሳስብ ነበር ያደርኩት።

አላለቀሰችም።

አለሙ «ወደ እናትሽ ነው የምንሄደው» አላት። ምን አስቦ እንዳላት አላውቅም፤ ሕፃን ማታለያ መስሎት ይሆናል። ልጅቱ በደስታ ጮኸች። «ቤሩት ነው? በአውሮፕላን ነው?» እያለች ጫማዋን ራሷ አደረገች፤ ግራና ቀኙን አቀያይራ። አውቶቡስ ላይ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ከታች ቆሜ እጄን አወዛወዝኩላት። እሷ ሹፌሩን ነበር የምታየው፣ ቶሎ እንዲነሣላት። ዞራ አላየችኝም።

እዚህ ላይ አንቱታውን ልተወው ጥሩዬ፣ አልችልበትም።

ቀንተሽብኛል። አወቅሁ። እኔስ? አንድ ቀን እንኳ ስታስነጥስ ያልሰማሻት፣ ትኩሳት ሲይዛት ያልነቃሽላት፣ ድምፅሽን በስልክ ብቻ የምታውቀው ልጅ ስምሽ ሲጠራ እኔን እንደ አሮጌ ጫማ ትታ ሄደች። የላክሽውን የቸኮሌት ልባስ ብርማ ወረቀት ከትራሷ ሥር አጣጥፋ ስታስቀምጥ እያየሁ ነው የኖርኩት። ሰው ሲመጣ እሱን ነው አውጥታ የምታሳየው፤ እኔ የሰፋሁላትን አሻንጉሊት አይደለም። ይህን አልጻፍኩልሽም ነበር። ለምን እጽፍልሻለሁ? ደስ ይልሽ ነበርና።

«የራስሽ ባይኖርሽ» ያልሽው ቃል ደርሶኛል። እሱን ማንሣት አልፈልግም።

ለቡሄ እንደ ልማዴ ሙልሙል ጋገርኩ። ሆያ ሆዬ ባዮቹ በሙሉ ወስደው ሄዱ፤ አንዱ ግን ተረፈ። ወደ ማታ ለደንበኛ ሰጠሁት።

ማሬ


ቤሩት
ታኅሣሥ 8 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ማሬ፣
እግርዎ ላይ ወድቄ ሰላም እልዎታለሁ።

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱስ? ስለ ሰደብኩዎት ይቅር ይበሉኝ። ወረቀቱን ፖስታ ቤት ያስገባሁ ዕለት ነው የቆጨኝ፤ ግን ከሣጥን ውስጥ አይወጣም።

እንዲህ ሆነልዎት። ጥቅምት ላይ የሪታ ልደት ዳግመኛ ደረሰ፤ ኬኩን እንደ አምና ሠራሁ። እንግዶቹ ፊት ሪታ ከማዳም ጭን ወርዳ ወደ እኔ መጣችና «ጥሩ ታጉርሰኝ» አለች። ማዳም ጠራቻት፤ እምቢ አለች። ማዳም ሳቀች። በማግስቱ ግን «ከዛሬ ጀምሮ ልጄን አታጥቢያትም፣ አታስተኚያትምም፤ ወጥ ቤት ብቻ ሥሪ» አለችኝ። አንድ ያጠፋሁት ነገር አልነበረም። በጣም ተናድጄ ለሶፊያ ልነግራት ሄድኩ፤ ሶፊያ አየት አደረገችኝና «አንቺ ለማሬ የጻፍሽላትን ነው ማዳም የነገረችሽ» አለችኝ። ተነሥቼ ወጣሁ።

ሌላም አለ። ባለፈው እሑድ እብናት ደወልኩ። ፈንታነሽ ዓይናለምን ስትጠራት ከሩቅ ድምፅዋን ሰማሁት፤ «እማዬ፣ መጣሁ!» ስትል። ለፈንታነሽ ነው። ገና ከገባች ስንት ጊዜዋ ነው? ስልኩን ይዛ ግን እኔን «ጤና ይስጥልኝ» አለችኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው። እርስዎን በዚህ ቃል ምክንያት ነው ልጅቱን የነጠቅሁዎት፤ ቃሉ ግን አጎንብሼ ሳነሣው ሌላ ሴት ጋ ሄዷል። እታለም፣ በፈንታነሽ ደግሞ እንዴት አድርጌ ልናደድ? አለቀብኝ እኮ።

አሁን የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ለጥር 25 እብናት ይውረዱልኝ። ባለ እንጨቱን ኬክ ይሥሩላትና ይውሰዱላት። ቸኮሌቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሰው ልኬዋለሁ። እኔ ሠራሁት አይበሏት። የፈለጉትን ይበሏት። ከዚያ አይተው እንዴት እንደሆነች ይጻፉልኝ፤ ሳይደብቁ፣ ቢያመኝም።

ጥሩወርቅ


ደብረ ታቦር
የካቲት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለጥሩወርቅ፣ ጾሙን የበረከት ያድርግልሽ።

እሺ ብዬ ወረድኩ። ይቅር ያልኩሽ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው፤ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ኬኩን እዚህ ሠርቼ፣ ቸኮሌት አልብሼ፣ በካርቶን ውስጥ ገለባ ጎዝጉዤ ደረደርኩት። ከእኛ ዘንድ ሲነሣ ድንጋይ ነበር። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጎማ ፈንድቶ ፀሐይ ላይ አቆመን። እብናት ደርሼ ካርቶኑን ስከፍት ቸኮሌቱ ሁሉ ወርዶ ገለባው ላይ ተጋግሯል፤ እንጨቱና ኬኩ ራቁታቸውን ቀርተዋል። በሕይወቴ እንዲያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዓይናለም ደጅ ላይ ከአለሙ ልጆች ጋር ትጫወት ነበር። ቁመቷ አድጓል፤ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል። አየችኝ። ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ወደ ቤት ዞራ «እማዬ፣ እንግዳ መጣ!» አለች።

እንግዳ። ጥሩዬ፣ የስልኩን ነገር ስትጽፊልኝ ያዘንኩልሽ መስሎኝ ነበር። አላዘንኩልሽም ነበር፤ ያዘንኩልሽ ያን ጊዜ ነው።

ፈንታነሽ ደህና ሴት ናት። ፊቴን አይታ ገባት። ወደ ጓዳ ስባኝ «እኔ እንዲያ ጥሪኝ አላልኳትም፤ ልጆቼ ሲሉኝ ሰምታ ነው። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን 'እናቴ የታለች?' እያለች በየክፍሉ ትፈልግ ነበር» አለችኝ። «እኔን ነው ጥሩወርቅን?» አልኳት። «እሱን አላወቅሁም» አለችኝ።

ቸኮሌቱን ከገለባው ለይተን እንደገና አቀለጥነው፣ ነከርነው፤ አልደርቅ አለ። ፈንታነሽ ትሪውን ቀዝቃዛ ውሃ በሞላው ሳፋ ላይ አስቀመጠችው፣ ያም አልሆነ። ልጆቹ አልጠበቁም፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ቸኮሌት ሆነ። ዓይናለም መሐላቸው ቆማ እንደ ሊቅ ታስረዳቸው ነበር፦ «ደብረ ታቦር ይደርቃል። እዚያ ብርድ አለ። ማሬ ስትሠራው ይደርቅ ነበር።» ማሬ አለችኝ። እማዬም እታለምም አይደለሁም።

ቀኑን ሙሉ አልቀረበችኝም። ጥላኝ ወደ አጎቴ ሰደደችኝ ብላ ተቀይማኝ እንደሆነ ማን ያውቃል። በማግስቱ ልሳፈር ስል ግን ከኋላዬ መጥታ የነጠላዬን ጫፍ ያዘች። አላለቀሰችም፤ ያዘች ብቻ። ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ። «ዓይኔ፣ ልሂድ እንግዲህ» አልኳት። አትለቅም። አለሙ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው የፈታቸው።

ደስ አለኝ። ላንቺ ስል ልደብቀው አስቤ ነበር፤ «ሳይደብቁ» ብለሻልና ጻፍኩት። ፈንታነሽም እዚያው ዳር ቆማ ስታይ አየኋት፤ ደስ አላላትም። ሦስት ሴቶች በአንዲት ጫጩት ላይ እንደ ጭልፊት እያንዣበብን ነው።

ነይ ጥሩዬ። ልጅቱ ቃሉን በየደጁ እያስቀመጠች የምትሄደው የት እንደሚጸና ስላላወቀች ነው። ስትመጪ አልቀናም ብዬ አልዋሽሽም። እቀናለሁ። ቢሆንም ነይ።

ማሬ


እብናት
ግንቦት 19 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእታለም ማሬ፣ ሰላምና ጤና ከደጅዎ አይራቅ።

ከአገሬ ምድር ነው የምጽፍልዎት። ማዳምን ተሰናብቼ መጣሁ። በርስዎ ደጅ ሳላልፍ በይፋግ በኩል ዞሬ በቀጥታ እብናት መግባቴን ሰምተው ቅር እንዳይልዎት። ለብቻዬ ላያት ፈልጌ ነው። ከእርስዎ ጋር ሆኜ ካየኋት ወዴት እንደምትሮጥ አውቀዋለሁ።

ስደርስ ፈንታነሽ «ዓይናለም፣ ነይ፣ እናትሽ መጣችልሽ» አለቻት። ልጅቱ ከማጀት ወጣች። ዓይኗ የእናቴ ዓይን ነው፤ በፎቶው ላይ አላስተዋልኩትም ነበር። ሻንጣዬን አየች፣ ጫማዬን አየች፣ ፊቴን አየች። በሁለት እጇ ጨበጠችኝ፣ ጎንበስ ብላ፣ ለቄስ እንደሚደረገው። ከዚያ ሄዳ ከፈንታነሽ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች።

መጀመሪያ ሰሞን የሰጠኋትን ሁሉ እየተቀበለች ወስዳ ለፈንታነሽ ታስረክባታለች። ኬክ ልሥራልሽ አልኳት። «እዚህ አይደርቅም» አለችኝ። ከዚህ ሌላ ሙሉ ቀን አላናገረችኝም። ፈንታነሽ ስታበላት፣ ስታጥባት እያየሁ ዳር ተቀምጬ ጥፍሬን ስነክስ ሰነበትኩ። ወጥቼ ብሄድ የሚከለክለኝ አልነበረም፤ ማዳም ዘንድ እንኳ ሪታ ትፈልገኝ ነበር።

ትናንት ፈንታነሽ ገበያ ሄደች። የዓይናለም ጠጉር ተበትኖ ነበርና «ልሥራልሽ?» አልኳት። ቆየች፤ አሰበችበት። ኋላ መጥታ ፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ሁለቱ ጉልበቶቼ መሐል ገባች እታለም። አንገቷ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት፤ መቼ እንደወጣባት አላውቅም፣ እርስዎ ያውቁታል። አጥብቄ ሳብኳት።

«እትዬ፣ ያማል» አለችኝ።

እትዬ። ዋጥኩት። እጄን ቀለል አድርጌ እንደገና ጀመርኩ። ጨርሼ እንኳ ቶሎ አልተነሣችም።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይዣት እመጣለሁ። ደብረ ታቦር ቤት እስክይዝ እርስዎ ዘንድ ነን፤ እሺ ካሉኝም ከዚያ ወዲያ የትም አልሄድም፣ ከሻይ ቤትዎ ጓዳ ውስጥ ሥራ ይስጡኝ። መናኸሪያ አይውጡ፤ ደጅዎ ላይ ይጠብቁን። ስታይዎት እጄን ለቃ «እማዬ» ብላ ትሮጥ ይሆናል። ይቀበሏት፤ በደንብ ይቀፏት። ያን ጊዜ ግን ቀና ብለው ፊቴን እንዳያዩብኝ።

ጥሩወርቅ